ያላዘዘው ቱቦ

ጋሽ ሚዛን ከዓይን ሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማጎንበስ በተፈቀደለት ቀን ጠዋት፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወጥቶ የመኪናውን ኮፈን ከፈተ። ከፈተና ያላዘዘውን ነገር አየ።

የአውራ ጣት ውፍረት ያለው አዲስ ጥቁር የጎማ ቱቦ ነው። ከሞተሩ አናት ክዳን ተነስቶ፣ ጎበጥ ብሎ፣ ካርቡራተሩ ሥር ገብቷል። መሐሉ ላይ ትንሽ የብረት ቫልቭ ተሰክቶበታል። ጋሽ ሚዛን ቱቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ ሲነቀንቀው ቫልቩ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ አለ። የዘይት መሙያውም ክዳን ተቀይሯል። የድሮው ወንፊት ያለው፣ የሚተነፍስ ክዳን ነበር። ይሄኛው ድፍን ሆኖ፣ ከአየር ማጣሪያው የመጣ ሌላ ቀጭን ቱቦ ጎኑ ላይ ተጣብቋል። ጎንበስ ብሎ ከሥር ተመለከተ። መኪናዋ ከተሠራች ጀምሮ ከሞተሩ ጎን ወደ ታች ተንጠልጥሎ ጭስ ሲተፋ የኖረው የብረት ቧንቧ አፉ ተደፍኗል። የተደፈነውም በቶርኖ በተቀረጸ አሉሚኒየም ነው። ዝም ብሎ የተደረገ ነገር አይደለም፤ ተለክቶ፣ ታስቦበት፣ ጊዜ ተወስዶበት የተሠራ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤት ገብቶ «መኪናዬን ማን ነካ?» ብሎ ይጮህ ነበር። ጋሽ ሚዛን ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚያው ነው። ከገበያ ገበያ እየዞረ፣ ሆዱ የተቦረቦረ የኪሎ ብረትና ሥሩ ማግኔት የተለጠፈበት ሰሃን ሲይዝ ነው ዕድሜውን የፈጀው። እዚያ ሥራ ላይ የተማረው ነገር ቢኖር፣ ነጋዴን ቶሎ ብሎ መጠየቅ መልስ እንዲፈበርክ ጊዜ መስጠት መሆኑን ነው። ስለዚህ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ገብቶም ምንም እንዳላየ ሰው ቁርሱን በላ።

ሚስቱ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ልብ ብሎ አያት። ዕድሜዋን ሙሉ ተረከዝ ያለው ጫማ ካልሆነ ከቤት የማትወጣው ሴት፣ ዛሬ ጠፍጣፋ የሸራ ጫማ አድርጋለች። ትናንትም እንደዚሁ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን «እህቴ ዘንድ ደርሼ ልምጣ» ብላ ትወጣለች፣ አራት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። እህትየው ታማለች አላለችም። ልጅ ድራለችም፣ ቤት ቀይራለችም አላለችም።

«እህትሽ ደህና ናት?» አላት፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

«ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች።»

በጣም ቶሎ መለሰች። ጋሽ ሚዛን ይህንንም በሆዱ መዘገበው።

እሷ እንደወጣች ተመልሶ መኪናው ጋ ሄደ። አሁን ደግሞ በሩን ከፍቶ ውስጡን መረመረ። የሾፌሩ ወንበር አራት ጥርስ ያህል ወደ ፊት ተስቧል፤ ሊገባ ሲል ጉልበቱ መሪው ሥር ተቀረቀረ። የውስጠኛው ስፖኪዮ ቁልቁል ተመልክቷል። አንድ ሰው በዚህች መኪና ተቀምጧል፣ ነድቷል፣ ያም ሰው አጭር ነው። ጋሽ ሚዛን ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። እሱ ራሱ ረዥም ነው። መካኒኩም ረዥም ነው። የልጁ ባል ደግሞ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ የሚል ዘንጋዳ ነው።

እንግዲህ አጭሩ ሰው ገዢው መሆን አለበት።

ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። እሱ ዓይኑ ታሽጎ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ሲተኛ፣ «ከእንግዲህ ይሄ ሰው አይነዳም» ብለው ተማክረዋል። መኪናዋን አሳምረዋል፣ ጭሷን አጥፍተዋል፣ አንድ አጭር ሰው አምጥተው አስነድተዋታል። የዚህ ሁሉ ጠንሳሽ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። የልጁ ባል ሥራው ኢንሹራንስ ቤት ነው፤ የተጋጩ መኪኖችን እየዞረ ጉዳት ይገምታል። አምና በልጁ ልደት ቀን የመኪናዋን ፓራፋንጎ መታ መታ እያደረገ፣ እንዲህ ያለችውን አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች እንደሚሻሙባት ተናግሮ ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎት ስቆ ነበር ጋሽ ሚዛን። አሁን ግን ቀልድ አልመሰለውም።

እሁድ ልጁና ባሏ ምሳ ሊበሉ መጡ። ጋሽ ሚዛን ከወትሮው በላይ ለዘብ ብሎ፣ የልጁን ባል አጠገቡ አስቀምጦ አጎረሰው። ሰውየው ትንሽ እንደተጫወቱ መኪናዋ ብዙ ከቆመች ባትሪዋ እንደሚሞት አነሳና፣ «እርስዎ እስኪሻልዎት አንዳንዴ ላንቀሳቅሳት?» አለ። ይህን ሲል የጋሽ ሚዛን ሚስት ከማዶ ዓይን ጣለችበት። ሰውየው ወዲያው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። ልጅቷም ሰሃን ማንሳት ያዘች፤ ገና ምሳው አላለቀም ነበር።

ሦስቱም ያውቃሉ ማለት ነው። አንድ ማዕድ ከበው፣ እሱን መሐል አስቀምጠው፣ በዓይን እየተነጋገሩ ነው።

በማግስቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ጋራዡ ሄደ። መካኒኩ መኪናዋን ሃያ ሁለት ዓመት ያውቃታል፤ ከሱና ከጋሽ ሚዛን በቀር ሞተሯን የነካ ሰው የለም። ከአንድ ሚኒባስ ሥር ተንፏቆ ወጣና ስለ ጤናው ጠየቀው፣ ፈጣሪንም አመሰገነ። ጋሽ ሚዛን በጎን መጣበት። የመኪናዬ ድምፅ ተለወጠብኝ አለው እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። እውነቱን ለመናገር ሞተሩን ገና አላስነሳውም።

«ቱቦው ይሆናል። ማሰሪያው ላልቶ ከሆነ መጥቼ ላጥብቅልዎት» አለ መካኒኩ።

«ስለ ቱቦ ማን ነገረህ?»

መካኒኩ ምላሱን ነከሰ። ወደ ውሃ በርሜሉ ሄዶ እጁን ይታጠብ ጀመር፤ ሳሙናው አልቆ እንኳ ማሸቱን አልተወም። ኋላ ማምለጫ ሲያጣ ስለ ሥራው ብቻ አስረዳው። ቤንዚኑ ሲነድ፣ የተቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። የድሮ ሰዎች ለዚህ የሠሩት መውጫ ያ ከሥር የተንጠለጠለው ቧንቧ ነበር። መኪናው ሲሮጥ ነፋስ ይስብለታል፤ መንገድ ተዘጋግቶ ሲንፏቀቅ ግን የሚስበው ስለማያገኝ ጭሱ በወለሉ ቀዳዳ ሾልኮ ሰው ላይ ይመጣል። አሁን ቧንቧው ተደፍኖ፣ በቀጭኑ ቱቦ ንጹሕ አየር ይገባል፣ በወፍራሙ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጭሱን መልሶ ጠጥቶ ያቃጥለዋል። ቫልቩ የሚጠጣውን ይመጥንለታል። ለሞተሩም ጤና ነው፣ ለተሳፋሪውም።

«ይሄን ሁሉ ማን አዘዘህ?»

«ቃል ሰጥቻለሁ ጋሼ። ለክፉ አይደለም።»

ጋሽ ሚዛን ሥራ ላይ እያለ ለክፉ አይደለም ሲሉት የኖሩት ሰዎች ሁሉ ፊታቸው በተራ መጣበት። ከነሱ አንዱም እጁ ንጹሕ ሆኖ አልተገኘም። ደህና ዋል ሳይል ወጣ።

ቤት ሲደርስ ደሙ ፈልቶ ነበር። ካቻቢቴና ቁልፍ አወጣና ሁለቱንም ቱቦ ነቀለ። ካርቡራተሩ ሥር ያለው ቀዳዳ ክፍት ከተተወ ሞተሩ አየር እየሳበ እንደሚንተፋተፍ ያውቃል፤ ልኩ የሆነ ቡሎን ፈልጎ አጥብቆ ሰካበት። የሞተሩ አናት ክዳን ላይ ለቀረው ቀዳዳ የጠርሙስ ቡሽ በቢላ ቀርጾ በመዶሻ መታበት። የዘይት መሙያ ክዳኑ ጎን ላይ ለቀረችውም ጡት ሌላ ትንሽ ቡሽ ቀረጸ። ከሥር ያለውን የአሉሚኒየም ድፍን ግን አልነካውም፤ ተንጋሎ መግባት ገና አልተፈቀደለትም። ቱቦዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወረወራቸው። የራሱን መኪና የመለሰ መሰለው።

በማግስቱ ሚስቱ በሸራ ጫማዋ እንደወጣች፣ እሱም ቁልፉን ይዞ ወጣ። ወሩ ሳያልቅ እንዳይነዳ ሐኪሙ ማዘዙን የነገረችው እሷ ናት፤ እሱ ግን አሁን የእሷን ቃል በሌላ ሚዛን ነው የሚያየው። ሐሳቡ መጀመሪያ እህቷ ቤት ሄዶ እዚያ መኖር አለመኖሯን ማየት፣ ከዚያ ኢንሹራንስ ቤቱ ደርሶ ያንን ዘንጋዳ ፊት ለፊት ማፋጠጥ ነው። ወንበሩን አራት ጥርስ ወደ ኋላ ገፋው። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።

ሜዳው ላይ ምንም አላለም። ዳገቱን ተያይዞ ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ፣ ያ የሚያውቀው ጎምዛዛ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ኮፈኑ ሥር ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ከነክዳኑ ተፈናጥሮ መውጣቱን ያወቀው ኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ያየው፣ ዘይት ጋለው ቧንቧ ላይ ፈስሶ ነጭ ጭስ በኮፈኑ ቀኝ ጠርዝ ሲንቦለቦል ብቻ ነው። በግራ በኩል የምትወጣ ጠባብ መንገድ ስላለች መሪውን ወደዚያ ጠመዘዘ።

ኳኳታ ሰማ። ፍሬኑን ረገጠ።

በላስቲክ ሳፋና ባልዲ የተቆለለ የእጅ ጋሪ ነው የገጨው። ጋሪው በጎኑ ወድቆ፣ ቀይና ሰማያዊ ሳፋዎች ዳገቱን ቁልቁል እየተንከባለሉ ሚኒባሶች ሥር ይገባሉ። ባለጋሪው ደህና ነው፤ ዘሎ አምልጧል። ጋሽ ሚዛን ወርዶ አብሮት ሳፋ ይለቅም ጀመር። ጭሱ ዓይኔን ጋረደኝ ብሎ ይቅርታ ጠየቀው።

ሰውየው የተሰነጠቀ ባልዲ እያገላበጠ ትክ ብሎ አየው። «አባቴ፣ ጭሱ እኮ በቀኝ ነው። እኔ በግራህ ነበርኩ። እጄን ሳወዛውዝልህ፣ እያየኸኝ ነው የመጣህብኝ።»

ጋሽ ሚዛን ጎንበስ ብሎ ሌላ ሳፋ አነሳ።

አላፊ አግዳሚው ስልክ ደውሎለት መካኒኩ በእግሩ መጣ። ኮፈኑን ከፈተ። ከሞተሩ ኋላ ዘይት በመስመር ይንጠባጠባል፤ የዘይት ማገጃ ጎማው በግፊቱ ተፈንቅሏል። መካኒኩ አጎንብሶ ቡሹን በጣቱ ነካው።

«ይሄንን እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሥሩን ደፍኜዋለሁ ብዬዎት አልነበር? መውጫውን በሙሉ ዘጉበት እኮ። የሰው አፍና አፍንጫ ይዞ ዳገት ሩጥ እንደማለት ነው። ግፊቱ በየት ይውጣ?» ላቡን በክንዱ ጠረገ፤ ተናዶ ስለነበር አፉን መጠበቅ ረሳ። «ደግሞ እትዬ ምን ይላሉ? ሁለት ቀን ሙሉ ልምምድ ላይ ጭሱ ሲያስመልሳቸው ውለው ነው ይሄን ያሠሩኝ።»

«የምን ልምምድ?»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ሚዛንም ሁለተኛ አልጠየቀውም። አራት ጥርስ ወደ ፊት የተሳበው ወንበር፣ ቁልቁል ያየው ስፖኪዮ፣ የሸራ ጫማው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሄደው አንድ ሰው ላይ አረፉ። አጭሩ ገዢ ሚስቱ ነች።

ቤት ገብቶ ሳሎን ጠበቃት። አራት ሰዓት ሲል ገባች። ሸሚዙ ላይ ያለውን ዘይት አየች፤ መኪናዋ ግቢው ውስጥ እንደሌለችም አይታለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«መንዳት ተማርሽ» አላት።

ተቀመጠች። አልካደችም። እሱ ሆስፒታል ሳለ ያስጀመራት የልጃቸው ባል ነው፤ እሱ ቤት ከገባ ወዲህ ደግሞ በየጠዋቱ የምትሄደው መንጃ ማሠልጠኛ ነው። ለምን ሲላት ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ዝም አለች። ጋሽ ሚዛን እንዲህ ያለ ዝምታ ያውቃል። ነጋዴ እንዲህ ዝም ሲል የኪሎ ብረቱን ገልብጦ ሥሩን ያያል። ዛሬ ግን ለመገልበጥ ፈራ።

«ሐኪሙ በሁለተኛው ቀን ጠርቶ ነገረን» አለች በመጨረሻ። «ግራው አይመለስም። የዓይንህ ግፊት ነርቩን ጨርሶታል። ቀኙም ዳር ዳሩ እየጠበበ ነው፤ መድኃኒቱ ያቆመው ይሆናል፣ ላያቆመውም ይችላል። መንዳት ግን በቃ አለ። እኔው ቀስ ብዬ ልንገረው ብዬ ሐኪሙን ለምኜ ነው ያስቆምኩት።»

«ወር ሊሞላው ነው።»

«ብነግርህ መጀመሪያ ሐኪሙን ትጠረጥራለህ፣ ቀጥሎ እኔን። እኔ መንዳት ችዬ፣ መኪናዋ ቤታችን እንዳለች፣ ያን ጊዜ ልነግርህ ነበር። ሁለቱን ባንድ ቀን እንዳታጣ ብዬ ነው።»

«ትሸጥ ያለ አለ አይደል?»

«አለ። የልጅህ ባል ትሸጥ ብሏል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እምቢ ካልሽስ መንዳት ተማሪ ብሎ መሪውን ያስያዘኝ ደግሞ እሱ ነው።»

ሲጠረጥር የከረመው ነገር ግማሹ እውነት ሆኖ መገኘቱ በሌላ ጊዜ ደስ ይለው ነበር። አሁን አላስደሰተውም። እጁን አነሳና ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ከደነው። ሚስቱ የነበረችበት ቦታ ላይ ግራጫ ነገር ብቻ ቀረ፤ የመስኮቱ ብርሃን እንኳ በጭንቅ ነው የሚለየው። ይህን ሲያደርግ ግን የመጀመሪያው አልነበረም። ፋሻው በተፈታ በአራተኛው ቀን፣ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ፣ መስታወቱ ፊት እንዲሁ ሞክሮት ነበር። ያን ዕለት የቅባቱ ነው አለ፣ ሲውል ሲያድር ይጠራል አለ፤ ከዚያ ወዲህ እጁን ወደ ቀኝ ዓይኑ አላነሳም። ሰውን ሁሉ ሲፈትሽ የከረመው፣ ራሱን አንዴ ፈትሾ ውጤቱን ስለደበቀ ነው።

«እኔም አውቅ ነበር መሰለኝ» አላት፣ እጁን ሳያወርድ።

ሚስቱ ተነስታ በቀኙ በኩል መጥታ ተቀመጠች። የባለጋሪውን ነገር ነገራት። ሰው ተጎዳ ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስቴም አልተጎዳም አላት። ቀጥላ ተናደደች፤ እንባዋ እየወረደ ነው የተቆጣችው። እሱ አልተከራከራትም።

ቱቦዎቹን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዶ ራሱ ጋራዡ ወሰዳቸው። መካኒኩ ማገጃ ጎማውን ቀይሮ፣ ቡሹን በካቻቢቴ ነቅሎ፣ ሁሉንም ወደ ቦታው ሲመልስ ከጎኑ ቆሞ አየ። ሞተሩ ሲነሳ መካኒኩ የዘይት ክዳኑን ፈትቶ አነሳና አንዲት ስስ ወረቀት ቀዳዳው ላይ አስቀመጠ፤ ወረቀቷ ወደ ታች ተስባ ልጥፍ አለች፤ ሞተሩ ጭሱን እየጠጣ ነው ማለት ነው። ጋሽ ሚዛን አንስቶ በራሱ እጅ ደገመው። ከዚያም ሌላ ወረቀት አስመጥቶ ሞከረ።

ሚስቱ በመጀመሪያው ፈተና ወደቀች፣ በሁለተኛው አለፈች። ለሐኪሙ ቀጠሮ የሄዱት በእሷ መንጃ ፈቃድ ነው። ጋሽ ሚዛን ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፍሪሲዮን ላይ እግሯን አስተኝታ ትሄድ እንደሆነ በጆሮው ይከታተላል፤ ባለፈው ሳምንትም በስውር መካኒኩ ዘንድ ሄዶ አስፈትሾት ነበር። አልተቃጠለም ተብሏል፤ እሱ ግን ገና አላመነም። በመንገዱ ሁሉ ጭስ አልሸተታቸውም፤ እሷም መስኮት ክፈት አላለችም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዛሬ ብቻውን እንደሚገባ ነገራት። ሐኪሙን የጠየቀው እንደ ጥንቱ ነው፤ ቀኙ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ፣ በየስንት ጊዜው ይለካል፣ የሚለካውስ መሣሪያ መቼ ተፈተሸ። የተነገረውን በእጁ በትልልቅ ፊደል ጻፈ። ወጥቶም ወረቀቱን ለሚስቱ ሰጣት፤ አንድም ነገር አልቀነሰባትም። ቀኙ ባለበት ቆሟል። ለጊዜው ነው ተብሏል።

ሲመለሱ አደባባዩ ጋ ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላ ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነ። እንደገና አስነስታ ቀስ ብላ ለቀቀች።

«በቀኝ ብስክሌት አለ» አላት።

«አየሁት።»

ጋሽ ሚዛን አላመናትም። አንገቱን እስከ ትከሻው አዙሮ፣ ብስክሌቱ አልፏቸው እስኪሄድ ድረስ በዓይኑ ሸኘው።